«ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ አለ» ተባልኩ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን ዶክተር። የምጽፍልዎት ከኮምቦልቻ ነው። ዕድሜዬ 26 ነው፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ላይ እሠራለሁ። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ሴት ናት፤ በሰላም ነው የወለድኳት፣ ያኔ አንድም ቀን አልትራሳውንድ አልታየሁም። አሁን ሁለተኛውን አርግዣለሁ። የሦስት ወር መርፌ አቁሜ ስለሆነ ያረገዝኩት የወር አበባዬን ቀን በደንብ አላውቀውም። ጤና ጣቢያ ክትትል ጀምሬያለሁ፣ ኪኒኑንም እወስዳለሁ። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ጾታውን ማወቅ ፈልጎ ብር ላከልኝና አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁ። የሚያየው ልጅ «ወንድ ነው» አለኝ። ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል «ጭንቅላቱ ውስጥ ትንሽ ውሃ አለ፣ ከወር በኋላ ተመልሰሽ ታዪ» አለና ቀጣዩን ሰው ጠራ። ወረቀቱ ላይ 21 ሳምንት ይላል፤ 11 ሚሊ ሜትር የሚል ቁጥርም አለ። አማቴ «እርጉዝ ሆነሽ ለቅሶ ቤት ስትመላለሺ ነው» ይላሉ። ዱበርቲ ጠርተው ዱዓ ሊያስደርጉልኝ ነው፤ ሐኪም ቤቱን ግን ተይው ይሉኛል። ባለቤቴ በስልክ «ጨረሩ ነው የሚጎዳው፣ ሁለተኛ እንዳትታዪ» አለኝ። አንዷ የሥራ ጓደኛዬ ደግሞ «እንዲህ ያለ ልጅ ጭንቅላቱ ያብጣል፣ አይተርፍም፣ ሳይገፋ አስወጪው» አለችኝ። አዲስ አበባ ልሂድ? ወሩን ልጠብቅ? ጥፋቱስ የኔ ነው? እንቅልፍ አጣሁ።
— እናት ነኝ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ። ይህን የምልሽ ለማጽናናት ብቻ አይደለም፤ ያቺን 11 ቁጥር አይቼ ነው። እስከዚያች ቁጥር ድረስ ለክቶ፣ ጽፎ፣ ትርጉሟን ሳይነግርሽ የሰደደሽ ሰው ግን አናዶኛል። በእሱ ላይ ኋላ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ቁጥሯን እንፍታት።

የልጅሽ አንጎል ውስጥ ውሃ መኖሩ በራሱ በሽታ አይደለም። በአንቺም በእኔም አንጎል ውስጥ ውሃ አለ። አንጎላችን መካከል ላይ ግራና ቀኝ የተዘረጉ ክፍት ቦታዎች አሉ፤ ውሃው እዚያ ይመነጫል፣ ይዘዋወራል፣ መጨረሻም ወደ ደም ይመለሳል። አልትራሳውንድ የሚያየው ባለሙያ የእነዚህን ቦታዎች ወርድ ይለካል። ከ10 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን ደህና ነው። ከ10 እስከ 15 ያለው መለስተኛ ወይም መካከለኛ መስፋት ይባላል። ከ15 ሲያልፍ ከባድ ነው። ያንቺ 11 ነው። የሥራ ጓደኛሽ ያስፈራራችሽ ያበጠ ጭንቅላት የዚህ ልኬት ሥዕል አይደለም።

የወር አበባሽን ቀን አለማወቅሽም እዚህ ላይ አያስጨንቅሽ። የጭኑ አጥንት ወይም የሆዱ ዙሪያ ሲለካ ሳምንቱ ከተሳሳተ ሁሉም ነገር ይዛባል። የዚህ ወሰን ግን ከአራተኛው ወር እስከ መውለጃ ድረስ ያው 10 ሚሊ ሜትር ነው። ወረቀትሽ ላይ ያለው 21 ሳምንት በእርግጥ 19 ቢሆን ወይም 22፣ የ11 ትርጉም አይለወጥም።

መለኪያው ራሱም ሰው እጅ ላይ ነው። ምስሉ በትክክለኛው መስመር ሳይሆን ትንሽ ዘንበል ብሎ ከተያዘ ቦታው ከእውነቱ ሰፍቶ ይለካል። አንድና ሁለት ሚሊ ሜትር የእጅ ስህተት ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ የወንድ ጽንስ በአማካይ ከሴት ጽንስ ጥቂት ሰፋ ያለ ልኬት ይታይበታል፤ ባለቤትሽ የጓጓለት ዜና እዚህም ገብቷል ማለት ነው። ስለዚህ ልዩ ሥልጠና ያለው ሰው ደግሞ ቢለካው 9 ሆኖ ቢገኝ አይደንቀኝም። 11 ሆኖ ቢቀጥልስ? ከ12 ያላለፈ መስፋት፣ ሌላ ምንም ችግር አብሮት ከሌለ፣ ከአሥሩ ሕፃናት ከዘጠኙ በላይ እንደማንኛውም ልጅ ያድጋሉ። ብዙዎቹ ላይ ከመወለዳቸው በፊት ራሱ ይመለሳል።

አሁን «ሌላ ምንም ችግር አብሮት ከሌለ» ያልኩትን ልብ በዪ፤ ሥራው ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ክሊኒኩ የሰጠሽ ወረቀት ስለ አከርካሪው፣ ስለ ልቡ፣ ስለ ኩላሊቱ ምን ይላል? ከጻፍሽልኝ እንደተረዳሁት ጾታ፣ ሳምንትና ያቺ ቁጥር ብቻ ናቸው። ያልተጻፈ ነገር ደግሞ ደህና ነው ማለት አይደለም፣ መጥፎ ነው ማለትም አይደለም፤ አልታየም ማለት ነው።

ዋናው የሚፈተሸው አከርካሪ ነው። ጽንሱ ገና ሲጀመር አንጎልና ኅብለ ሰረሰር እንደ ቱቦ ሆነው ይዘጋሉ። ታች ጀርባ ላይ ሳይዘጋ የቀረ እንደሆነ ስፓይና ባይፊዳ እንለዋለን፤ በአገራችን የማይናቅ ቁጥር ያላቸው ሕፃናት ይዘውት ይወለዳሉ። ጀርባው ክፍት ሲሆን ከኋላ ያለው ትንሹ አንጎል ወደ ታች ይሳባል፣ የውሃው መውጫ ይጠብባል፣ ከላይ ያሉት ክፍሎች መስፋት ይጀምራሉ። ስለዚህ አንድ የሰለጠነ ባለሙያ የአንጎል ክፍሎች ሰፍተው ሲያገኝ ወዲያው ወደ ማጅራቱ በኩል ዞሮ ትንሹ አንጎል ቅርጹንና ቦታውን መያዙን ያያል፤ ከዚያ አከርካሪውን ከአንገት እስከ መቀመጫ አንድ በአንድ ይከታተላል። ትንሹ አንጎል ቦታው ላይ ካለ፣ የአከርካሪው ቆዳም ሙሉ ከሆነ ትልቁ ሥጋት ወረደ ማለት ነው። ቀጥሎ የልቡ አራት ክፍሎች፣ ከንፈሩ፣ የሆዱ ግድግዳ፣ ጨጓራው፣ ሁለቱ ኩላሊቶችና የሽንት ፊኛው፣ እጅና እግሩ ይታያሉ። የእንሽርት ውሃው መጠንና የእንግዴ ልጁ አቀማመጥም አይቀርም።

ይህ ሁሉ በደንብ የሚታይበት ጊዜ ከ18 እስከ 22 ሳምንት ያለው ነው። ከዚያ በፊት ልቡ በጣም ትንሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ አጥንቱ እየጠነከረ፣ ቦታው እየጠበበ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2016 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ ማንኛዋም እርጉዝ ከ24 ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ እንድትታይ መክሯል። አንቺ 21 ላይ ነሽ ከተባለ ሳምንት አልፏል። «ከወር በኋላ ተመለሺ» ያለሽ ሰው መጠኑ መጨመር አለመጨመሩን ለማየት አስቦ ከሆነ ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ግን ያ ሁለተኛው ነገር ነው። መጀመሪያ ልጁ ሙሉ ለሙሉ መታየት አለበት፤ ለዚያ ወር አይጠበቅም። በዚህ ሳምንት ሂጂ።

አዲስ አበባ? ገና ነው። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከመንገላታትሽ በፊት ደሴ አለልሽ። ክትትል ከጀመርሽበት ጤና ጣቢያ ሚድዋይፏን ሪፈር አጽፊያት። የክሊኒኩን ወረቀትና ምስሉን ይዘሽ፣ ሀረጎን ወጥተሽ ደሴ ኮምፕረሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ሁላችንም ደሴ ሪፈራል የምንለው፣ የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ጋር ቅረቢ። አንድ ነገር ግን ቃል በቃል ያዢልኝ። ገብተሽ «አልትራሳውንድ ልታይ ነው የመጣሁት» ብቻ ብትዪ ልብ ይመታል፣ ውሃው ደህና ነው፣ ጭንቅላቱ ወደ ታች ነው ተብለሽ በአምስት ደቂቃ ልትወጪ ትችያለሽ። «ጾታም ሳምንትም አይደለም የምፈልገው፤ የአንጎሉ ክፍል 11 ሚሊ ሜትር ተብሏል፣ የልጁ አካል አንድ በአንድ እንዲታይልኝ ነው» በያቸው። ይህ ምርመራ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ልጁ ጀርባውን ሰጥቶ ከተኛ «ውጪ ተራመጂ፣ ትንሽ ቆይተሽ ተመለሺ» ይሉሽ ይሆናል፤ አትደንግጪ፣ ያየው ሰው ሥራውን እየሠራ ነው።

ሲጨርሱ አራት ነገር ጠይቂ። ግራና ቀኙ ስንት ስንት ሆነ? አከርካሪው ተዘግቷል ወይ? ትንሹ አንጎል ቦታው ላይ ነው? ሌላ ያያችሁት ወይም ማየት ያቃታችሁ ነገር አለ? የመጨረሻዋን ብዙ ሰው አይጠይቃትም። መልሱን ወረቀት ላይ አጽፊው፤ በቃል የተነገረሽን ሀረጎን ሳትወርጂ ትረሺዋለሽ።

ደምሽም ይታይ። የአንጎል ክፍል መስፋት አንዳንዴ በእርግዝና ጊዜ ከያዘ ኢንፌክሽን ይመጣል፤ ቶክሶፕላዝማና ሳይቶሜጋሎ የሚባለው ቫይረስ ይጠቀሳሉ። ቶክሶፕላዝማ ከጥሬ ሥጋ፣ በደንብ ካልታጠበ አትክልትና ከድመት እዳሪ ይመጣል፤ ከአሁን በኋላ ጥሬ ሥጋ እስክትወልጂ ይቆይ። የቂጥኝ ምርመራ በክትትል ካርድሽ ላይ መሠራቱን ሚድዋይፏን ጠይቂያት።

ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። ስሙን ባላውቀውም ደብዳቤሽ ውስጥ የምወደው ሰው እሱ ነው፤ ከመንገድ ላይ ብር የላከው ልጁን ለማየት ጓጉቶ ነው፣ «እንዳትታዪ» ያለውም ለልጁ ፈርቶ ነው። ስለዚህ አትከራከሪው፣ አስረጂው። አልትራሳውንድ ጨረር የለውም። ራጅ ጨረር ነው፣ ሲቲ ስካንም ጨረር ነው። አልትራሳውንድ ድምፅ ነው፤ ጆሯችን የማይሰማው በጣም ቀጭን ድምፅ ወደ ሆድ ይላካል፣ ከሕፃኑ አካል ነጥሮ ሲመለስ ምስል ይሆናል። ለሹፌር ደግሞ የሚጥም ታሪክ አለው። ይህን መሣሪያ ለእርጉዝ ሴት ያዋለው የግላስጎው ሐኪም ኢያን ዶናልድ መጀመሪያ የሞከረበት ማሽን በፋብሪካ ውስጥ የብረት ስንጥቅ ለመፈለግ የተሠራ ነበር። ብረቱን ሳይቆርጡ፣ ሳይከፍቱ ውስጡ መሰንጠቁን በድምፅ ያውቁ ነበር። የመጀመሪያውን የጽንስ ምስል ያካተተ ጽሑፉን ያወጣው በ1958 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ ስንትና ስንት እናት በሐኪም እጅ ታይታበታለች፤ በተገቢው መንገድ ለምርመራ ሲውል ጽንስ መጉዳቱ አልታየም። ለጨዋታ ተብሎ በየሳምንቱ መታየትን ግን እኔም አልደግፍም። ካልጠፋ ጊዜ ደሴ የምትሄጂበትን ቀን እሱ ከመንገድ ከሚመለስበት ጋር አገጣጥሚው። ምስሉን በዓይኑ ያየ አባት በስልክ ከሰማው ይለያል።

አማትሽን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ የወሎን እናት ዱዓ አቁሚ የሚል ሐኪም ወሎን አያውቅም። ዱበርቲዎቹ ይምጡ፣ ቡናው ይፈላ፣ አንቺም ከመሐላቸው ቁጭ ብለሽ ተመረቂ፤ በጭንቀት እንቅልፍ ላጣች ሴት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሐኪም ቤት ተይው የሚሉትን ግን አልቀበልም። «እማዬ፣ ዱዓውን እርስዎ ይያዙልኝ፣ ቀጠሮውን እኔ ልያዝ» በያቸው። ከቻልሽ ደሴም ይዘሻቸው ውጪ። አማቶች ሐኪሙ ፊት ቁጭ ብለው ከራሱ አፍ ሲሰሙ ሐሳባቸው ሲለወጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ በሰው በሰው የሰሙት ነው ሥር የሚሰደው።

ለቅሶ ቤት መሄድሽ የልጅ አንጎል አያሰፋም። ስፌት ላይ ቁጭ ብለሽ መዋልሽም አያሰፋም፣ የሦስት ወር መርፌውም አያሰፋም። ጥፋቱ የኔ ነው ወይ ብለሻል፤ አይደለም። በአብዛኛው መለስተኛ መስፋት ላይ ሐኪምም ምክንያት ፈልጎ አያገኝም።

ስለ ኪኒኑ ግን አንድ ያልተነገረሽ ነገር አለ። ጤና ጣቢያ የሚሰጡሽ፣ ሰው ሁሉ የደም ማነስ ኪኒን የሚለው፣ ውስጡ ከብረት ጋር ፎሊክ አሲድ አለው። ፎሊክ አሲድ አከርካሪው እንዲዘጋ ይረዳል። ነገር ግን ያ ቱቦ የሚዘጋው ጽንስ ከተፈጠረ በ28 ቀን ውስጥ ነው። በዚያ ጊዜ አብዛኛዋ ሴት ማርገዟንም አታውቅም፤ የሦስት ወር መርፌ አቁማ የወር አበባ ስትጠብቅ የነበረች ሴትማ እንዴት ታውቃለች? በአራተኛው ወር የተጀመረ ኪኒን ለደምሽ ይጠቅማል፣ አታቋርጪው፤ አከርካሪን ለመከላከል ግን ዘግይቷል። በኪኒኑ ሰዓት ያረፈድሽው አንቺ አይደለሽም፤ አሰጣጡ ራሱ ያረፈደ ነው። ለሚቀጥለው ልጅ መርፌውን ለማቆም ስታስቢ፣ ቢያንስ ከማርገዝሽ አንድ ወር ቀድመሽ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ጀምሪ። አሁን ደሴ አከርካሪው ላይ ችግር ከተገኘ ደግሞ ለሚቀጥለው የሚያስፈልግሽ መጠን አሥር እጥፍ ገደማ ስለሆነ ሐኪም ያዝልሻል። መርፌ ላይ ላሉ ጓደኞችሽም ንገሪያቸው።

የሥራ ጓደኛሽ «አስወጪው» ያለችሽን ሐሳብ ቀለል አድርጌ አላልፈውም፤ ከባድ ነገር ነው፣ ብዙ ሴት ብቻዋን የምታስበው። በአገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ጽንሱ የማይድንና ከባድ የአካል ጉድለት ሲኖረው በሐኪም ማቋረጥን ይፈቅዳል። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ነገር ከተገኘ ሕጋዊ መንገድ አለ፣ በሆስፒታል፣ በሐኪም እጅ። ውሳኔውም የአንቺና የቤተሰብሽ ነው፤ ሐኪሙ ያስረዳል እንጂ አይወስንልሽም። አንቺ ዛሬ ያለሽበት ግን እዚያ አይደለም። አንድ ክሊኒክ፣ አንድ ልኬት፣ ሳይታይ የቀረ አካል ይዘሽ ጤነኛ ሊሆን የሚችል ልጅ ላይ መፍረድ አይገባም። በድብቅ በቤት ውስጥ ማስወረድማ አንቺንም ይወስዳል።

ደሴ ከታየሽ በኋላ ምን ይሆናል? በጣም የምጠብቀው መስፋቱ መለስተኛና ብቻውን ሆኖ መገኘቱን ነው። እንደዚያ ከሆነ ከጥቂት ሳምንት በኋላና እንደገና ሰባተኛው ወር አካባቢ ይለካል፤ ካልጨመረ እንደማንኛዋም ሴት በምጥ ትወልጃለሽ። ቤት ግን አትወልጂም፤ የመጀመሪያዋ በሰላም መጥታ ቢሆንም። ከተወለደ በኋላ የጭንቅላቱ ዙሪያ በሜትር ይለካ። እርግብግቢቱ እስኪዘጋ ድረስ በእሱ በኩል አንጎሉን በአልትራሳውንድ ማየት ይቻላል፤ ሕመምም ማደንዘዣም የለውም።

መጠኑ እየጨመረ ከ15 ካለፈ ወይም አከርካሪው ክፍት ከሆነ ያኔ አዲስ አበባ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ የእናትና የጽንስ ሕክምና ስፔሻሊስቶች አሉት። ዘውዲቱ መታሰቢያና ጥቁር አንበሳ ሆስፒታሎች ደግሞ የሕፃናት የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ቀዶ ሕክምና ይሠራሉ። የተጠራቀመ ውሃ በቀጭን ቱቦ ወደ ሆድ እንዲፈስ ይደረጋል፤ ክፍት አከርካሪ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይዘጋል። ጭንቅላቱ በጣም ከሰፋ በቀዶ ሕክምና መውለድ ያስፈልግ ይሆናል። ይህን ሁሉ ስምንተኛው ወር ላይ ሆኖ በሪፈር ወረቀት ማደራጀትና ሌሊት በአምቡላንስ መሯሯጥ አንድ አይደሉም። ለእኔ አልትራሳውንድ ከምንም በላይ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ልጁ የት፣ በማን እጅ መወለድ እንዳለበት ቀድሞ ይነግረናል።

ሁሉን ያያል ብዬ ግን አላታልልሽም። የራስ ቅል አለመፈጠርን የመሰለ ትልቅ ነገር አያመልጠውም ማለት ይቻላል። የልብ ችግር ግን በጥሩ ባለሙያም እጅ ብዙ ጊዜ ያመልጣል። ዳውን ሲንድሮምን ሊያስጠረጥር ይችላል እንጂ ማረጋገጥ አይችልም፤ ለማረጋገጥ የእንሽርት ውሃ በመርፌ ተቀድቶ ይመረመራል። «ሁሉ ደህና ነው» ተብለሽ ብትወጪም ሕፃኑ ሲወለድ ከራሱ እስከ እግሩ ይታይ።

አሁን ወደዚያ ክሊኒክ። ስሙን አልጠየቅሁሽም፣ እንዳትነግሪኝም፤ እንደሱ ያሉ ብዙ ናቸው። ደሴም ኮምቦልቻም አልትራሳውንድ ማለት ጾታ ማወቂያ የሆነበት ዘመን ላይ ነን። ባልየው ብር ይልካል፣ ሚስት ትተኛለች፣ «ወንድ ነው፣ ሴት ናት» ይባላል፣ ከረሜላ ይበተናል። አከርካሪው ተዘግቷል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ስለማይጠየቅም አያዩትም። እኔ ጾታ ማወቅን አልጠላም፣ የሰው ደስታ ነው። ግን ያቺ ሴት አልጋው ላይ ከተኛች፣ ሆዷ ላይ ጄሉ ከተቀባ፣ ማሽኑ ከበራ፣ አከርካሪውን ማየት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? አልሠለጠንኩም የሚል ካለ «አልሠለጠንኩም፣ እዚህ ሂጂ» ብሎ ይጻፍ። ክፉ ዜናን በበር ላይ በግማሽ ዓረፍተ ነገር መወርወር ግን ሥልጠና ስለጎደለ አይደለም። ተቀመጪ ብሎ፣ ቁጥሩን አሳይቶ፣ የሚቀጥለውን መንገድ መንገር የማንም እውቀት ይበቃዋል።

ስለ ሥራሽ አልጠየቅሽኝም፤ ደሴ ለመውጣት ግን ፈቃድ ያስፈልግሻል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከእርግዝናዋ ጋር ለተያያዘ ምርመራ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ እንዲሰጣት ያዛል፤ አሠሪው የሐኪም ማስረጃ ሊጠይቅሽ ይችላል። ትርፍ ሰዓት እንድትሠሪም ሆነ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንድትመደቢ አይፈቅድም። ሱፐርቫይዘሯ ካንገራገረች የሰው ኃይል ቢሮ ሂጂና ይህን አዋጅ ጥሪላቸው። ከሆስፒታሉ ስትወጪ ማኅተም ያለበት ማስረጃ ጠይቂ፤ ኮፒ አድርገሽ አንዱን ለፓርኩ ስጪ፣ ዋናውን ከአልትራሳውንዱ ወረቀት ጋር ለራስሽ አስቀሪ፤ የሚቀጥለው ሐኪም ይፈልገዋል።